በአንድ ወገን የተቆረጠው ዛፍ

ሰፈሩ «ጣራው» እያለ የሚጠራው ጣሪያ ሠሪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ የተከራዩትን ክፍል ክዳን ነፋስ ገንጥሎ ወሰደው። ሦስት ቀን ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቶ ሳንባው ታመመ። በአምስት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ አዝሎት በዚያ ጭቃ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ወንድም ጋሼ» እንዳለ አረጀ።

በእጁ የተከደነ ቤት አፍስሶ አያውቅም። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው እብጠት ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው መዶሻ ሲያነሣ ማየት ያመው ነበር።

ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ቤት ሠሩ። በታላቁ ግቢ፣ አጥሩ ሥር፣ እናታቸው የተከለችው ዛፍ አድጎ በታናሹ ጣሪያ ላይ ተኛ። ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል። ነፋስ ሲነሣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ቦታ ሁሉ ዝጓል።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህን ዛፍ እናሳጥረው እንጂ። ቤቴን በላው እኮ!»

«እማዬ የተከለችውን? እኔ ስሞት ትቆርጠዋለህ።»

«የሰው ጣሪያ ስጠግን እየዋልኩ የራሴ ሲበሰብስ ዝም ብዬ ልይ?»

ታላቁ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «ስሙት እስቲ! የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ አለቃ በቅጠል ተሸነፈ!» ሁሉም ሳቁ።

ያ ሳቅ ውስጥ ውስጡን ሲቆረቁረው ሰነበተ። ሚስቱ «ተው አንተ ሰው፣ አንዴ እንኳ ለብቻው አናግረው» ብትለው፣ «ስንቴ ልለማመጥ?» አላት። ወንድሙ ሥራ በሄደበት አንድ ቀን መጋዙን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። በእሱ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ አንድ ሳያስቀር ከግንዱ ጨረሰው። በወንድሙ በኩል ካለው አንዲት ቅጠል አልነካም። ድንበሬን ጠበቅሁ ብሎ ኮራ።

እሱ ጣሪያ እንጂ ዛፍ አያውቅም። የዛፉ ክብደት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሆነ። ወንድሙ ሲመለስ አይቶ ሰላምታውን አቆመ። በሁለተኛው ክረምት ዛፉ ከነሥሩ ተነቅሎ በወንድሙ ቤት ላይ ወደቀ። ሰው ተረፈ፤ ጣሪያው ግን ለሁለት ተከፈለ።

ጣራው መዶሻውን ይዞ ሮጠ። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ሠሪ ጠርቻለሁ።»

«እኔ እያለሁ ሌላ ሠሪ?»

«አንተማ ሠርተኸዋል።»

ጣራው ሁለት ቀን በገዛ ቤቱ መስኮት ቆሞ አየ። የመጣው ሠሪ ምስማሩን ጎድጓዳው ላይ ይመታል። ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር በወንድሙ ሳሎን ውስጥ ባልዲ ይደረደር ነበር። ስድስት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሳይታረቁ ወንድሙ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የሟች ሚስት «አሁንስ ጣሪያውን እየው» አለችው። ወጥቶ ያንን ጣሪያ በአራት ቀን አስተካከለው። ሲወርድ ውሃ አቀረበችለትና «ያን ጊዜ ምነው ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ?» አለችው።

«ትዕግሥት አይደለም የጎደለኝ» አላት። «የእኔ ቤት እስከ ዛሬ ጠብታ አልገባበትም። ምን አደረገልኝ? ያን ዕለት ከሥራ እስኪመለስ ጠብቄ በሩን አንኳኩቼ፣ ‹ወንድም ጋሼ፣ መሰላሉን ያዝልኝ› ብዬው ቢሆን፣ እየተሳደበም ይይዝልኝ ነበር። አብረን ብንቆርጠው ዛፉም ይኖር ነበር፤ እኛም። ይህን አንድ ቃል ነው ሳልለው የቀረሁት።»