የማይቆጠሩት የጎማ ፍየሎች

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ አንድ የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪና አሥር የብሎን ዳዶ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ ሊብስ ሲል የሆነ ነው። ሎጊያ ላይ ያገለገለ የመኪና ዕቃ እሸጣለሁ፤ በቀላሉ የሚገርመኝ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን አፌን ያዝኩ፣ እስካሁንም አልለቀቅሁትም።

መምህርት ሰናይት ሰመራ ዜሮ ክፍል የምታስተምር የወሎ ልጅ ናት። ሱቄ መጥታ የማይጠገን ካላማዳሪ ጠየቀችኝ። ጎማ ለአስተማሪ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኳት። ሐዋ የምትባል የአምስት ዓመት ተማሪ አለቻት፤ ዓይኗ አያይም። ርዕሰ መምህሩ፣ መቁጠር እንኳ ካልቻለች ለእሷ የሚሆን ትምህርት ቤት እስኪገኝ ቤቷ ትቆይ ብሏል። ሐሙስ መጥቶ ያያል። ሰናይት በእጅ እየተዳሰሰ የሚቆጠር ነገር ልትሠራላት ፈልጋለች። የልጅቷ አያት ፍየል አርቢ ስለሆኑ፣ ከጎማው አሥር ፍየል ልትቆርጥ።

ሐሳቡን ወደድኩት። የመቀስ አያያዟን ሳይ ግን ቀማኋት፤ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ በምላጭ ቆረጥኩ። አንድ ዓይነት ይሁኑ ብላኝ ነበር። ጎማ እንደ ጨርቅ አይታዘዝም። የአንዷ ቀንድ አጠረ፣ የአንዷ ጆሮ ተቆረጠ፣ የአንዷ ሆድ ሰፋ።

"ጋሼ፣ ይቺ እርጉዝ ናት እንዴ?" አለችኝ።

ዋጋ አልጨምርብሽም አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ራሴ በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ሥራዬ ሲደነቅ ልይ ብዬ ነው እንጂ ለጽድቅ አይደለም። አያትየው በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሐዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ፍየሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሰናይት ስንት ናቸው ብላ ጠየቀቻት። ደገመችላት። ልጅቷ ቁጥር አልጠራችም፤ ፍየሎቹን እንደገና ዳሰሰች። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ።

አያትየው ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአፋርኛ፣ "እኛ ቤት ፍየል በቁጥር አይጠራም። የተቆጠረ መንጋ ዓይን ይገባዋል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አሉኝ።

አፈርኩ። አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደግሁ፣ ከመኪና ዕቃው በፊት ስንት ዓመት ፍየል የነገድኩ ሰው ነኝ። ከእነዚህ አዛውንቶች አንዱም "ይህን ያህል አለኝ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ መምህራን ከደጋ የመጡ ናቸው፣ ከየት ይወቁት? እያወቅሁ ቆርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ለርዕሰ መምህሩ አስረዳሁትና አንዷን ፍየል ድምፅ ሳላሰማ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ፣ መንጋ ከስምሪት ሲመለስ እንደሚጠየቀው፣ "ሐዋ፣ ሁሉም ገብተዋል?" አልኳት። ጣቶቿ ጎማው ላይ ሮጡ።

"ጆሮዋ የተቆረጠችው የለችም።"

እሷን መልሼ ሁለት አነሳሁ። እርጉዟና ቀንደ አጭሯ ጠፍተዋል አለች። ርዕሰ መምህሩ አላመነም። ራሱ ተንበርክኮ አንዷን ወሰደ፤ የቆረጥኳት እኔ እንኳ ከሌላው የማልለያትን። ሐዋ የቀሩትን እንደገና ዳሰሰች።

"ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ያለባት።"

አገላብጠን አየን። ድሮ ጎሚስታ ቀዳዳ ሲደፍን የለጠፈው ልጣፍ ጠርዝ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ።

መቁጠሩስ አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ድምፁ ለስልሶ። የእኔ ኪስ ዳዶ አያጣም። እንደ ልማዴ ሳላይ አሥር ዘግኜ ምንጣፉ ላይ አፈሰስኩ። ለደንበኛም እንዲሁ ነው የምሸጠው፣ እጄ አይሳሳትም።

"ይሄስ ይቆጠራል?" አለች ሐዋ።

"ብረት ነው፣ ቁጠሪው" አሏት አያቷ።

እየነካች ወደ ጎን አሰለፈችው። "ዘጠኝ።"

"አሥር ነው፣ ልጄ" አልኳት።

"ዘጠኝ ነው፣ አባባ። ዳብሰው።"

ዳበስኩት። ርዕሰ መምህሩም ቆጠረው። ነገም ትምጣ፣ ሰኞም ትምጣ አለ። ሰናይት ፊቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ዳዶ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው የምሸጠው። ቀድሞ ከእኔ የገዛችሁ ካላችሁ በሰላም እንለፈው። ሱቁ ሰው ሲያጣ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ አሮጌ ካላማዳሪ እዳብሳለሁ። ለእኔ ጎማ ብቻ ነው። ያቺ ልጅ ያገኘችውን አላገኘሁም።

ወጪ፦ አንድ ካላማዳሪ፣ ዘጠኝ ዳዶ።