ጀፋር ያጠባት ሄሊኮፕተር

አቡ ዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሹፌሮች ሲሰባሰቡ ጀፋርን የሚያሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በንጽሕናው። «የጀፋር መኪና ላይ ያረፈች ዝንብ ተንሸራታ ትወድቃለች» ይላሉ። ሐሜቱ ደስ ይለዋል። የሐይቅ ልጅ ነው፤ በጎረምሳነቱ ከደሴ ሚሌ አይሱዙ እየነዳ የቃመው አቧራ ለዕድሜ ልኩ በቅቶታል። አቡ ዳቢ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጀመሪያ የሚያነሳው ባልዲ ነው። እዚህ አገር የቆሸሸ መኪና መንገድ ዳር ማቆም ያስቀጣል፣ ጀፋር ግን የሚያጥበው ቅጣት ፈርቶ አይደለም። የሰው ክብሩ መኪናው ላይ ይታያል ብሎ ያምናል። እንግዲህ ሰው የሚወድቀው በሚኮራበት ነገር አይደል? እሱም የወደቀው በባልዲና በጨርቅ ነው።

የሚሠራበት ቤት የሳሊም ነው። ሳሊም ቢሮ ውሎ ቢሮ የሚያመሽ ሰው ስለሆነ ቤቱን የምታዝዘው ሚስቱ ናት፣ ማዳም። ጀፋር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመላልሰው ግን የሳሊምን አባት ነው፤ ሁሉም «ባባ» የሚሏቸውን ሽማግሌ። ባባ ዕድሜያቸውን የጦር ሄሊኮፕተር መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ አል ዐይን ከተማ ይሄዱና ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ ክፍል ተቀምጠው ሲያወጉ ይውላሉ።

ቤቱ ውስጥ ሌላ የአገር ሰው አለች፤ ሀጀራ የምትባል የወረባቦ ልጅ። ምግቡም ጽዳቱም በእሷ እጅ ነው። ጀፋርን «ወንድምዓለም» ትለዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ገና በመጣች በሳምንቷ ማድ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ያገኛት ቀን፣ «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» ብሏት ነበር። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት የባባ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ራሺድ የሚባሉት አብራሪ ጓደኛቸው ታመው ሞቱ። ሁለቱ አንዲት ሄሊኮፕተር ላይ ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ራሺድ ያበርራሉ፣ ባባ ይጠግናሉ። ሐዘኑ ሲጠናባቸው ባባ ያቺን ሄሊኮፕተር በትንሹ ሠርተው ለራሺድ ልጅ ሊሰጡ ቆረጡ። ክንድ የምታህል የፕላስቲክ ሞዴል ቁርጥራጯ በካርቶን ተሞልቶ መጣ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሊያጣብቁ ሲሉ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሙጫው ጣታቸውን አጣበቀና ቁራጩ መሬት ወደቀ። ጀፋርን ጠሩት።

«ዓይኑ የኔ፣ እጁ ያንተ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ግቢው ጥግ ባለችው ክፍል ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ይውሉ ጀመር። ገጣጠሟት። ቀለም ላይ ሲደርሱ ጀፋር የሚያውቀው በር መቀባት ብቻ ነውና ብሩሹን ነክሮ ለቀለቃት።

«አጥር እየቀባህ ነው?» ብለው ጮኹ ባባ። «ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን! ስስ አድርገህ ቀባ፣ ይድረቅ፣ ደግመህ ስስ አድርገህ ቀባ!»

አስለቅቆ እንደገና ጀመረ። መስኮቶቿን በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ፤ ሆዷን ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ጀርባዋን አሸዋማ፣ በአሸዋማው ላይ ደግሞ ቡናማ ዥጉርጉር አደረጋት። ትንፋሹን ይዞ መስመር ማስመርን ተማረ። ሀጀራ ሻይ ልታቀብል በገባች ቁጥር ትስቅበታለች፤ «ወንድምዓለም፣ ሐይቅ ያጣኸውን አሻንጉሊት እዚህ አገኘኸው?» እያለች። እሱም ይስቃል። ከስልክና ከመሪ ሌላ ነገር በእጁ መያዝ እንዲህ ደስ ይላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ቀለሙ ሲያልቅ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነፉባት። ስቲከር ሻካራ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ሥሩ አየር ይይዝና እንደ ቋቁቻ ነጭ ሆኖ ይታያል ብለው ባባ አስጠንቅቀዋል። ስቲከሩ ደግሞ የልጆች ደብተር ላይ እንደሚለጠፈው ላጥ ተደርጎ የሚመታ አይደለም። በመቀስ ይቆረጥና በወረንጦ ተይዞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ወረቀቱ ሲርስ ሥዕሉ ከላዩ ይላቀቃል፣ ከዚያ በብሩሽ ጫፍ እያንሸራተቱ ቦታው ማስገባት ነው። ውሃውን በጥጥ መጠጥ ያደርጉታል። ባንዲራው ገባ፤ የጅራቱ ቁጥር ገባ፤ በሮቹ አጠገብ የሚለጠፉት ቁንጫ የሚያካክሉ ጽሑፎች ሁሉ ገቡ። የመጨረሻዋ የራሺድ ስም ነበረች፤ ባባ ለብቻዋ ያሳተሟት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ መለዋወጫ የሌላት። ጀፋር «ቢስሚላህ» ብሎ ከአብራሪው መስኮት ሥር አሳረፋት።

ባባ በማጉያ መነጽር አይዋት አይዋትና የጀፋርን እጅ ያዙ። የገዛ አባቱ እንኳ እንደዚያ አድርጎ ይዞት አያውቅም። ሁሉንም አጥብቆ የሚይዘው የመጨረሻው ቫርኒሽ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ረቡዕ ነፍተው ሐሙስ ይዘዋት ሊሄዱ ተስማሙ።

ሰኞ ማዳም እናቷን ልትጠይቅ አል ናህያን ሰፈር ሄደች፤ ጀፋርም ከእሷ ጋር እዚያው ከረመ። ረቡዕ ቀትር ሲመለሱ ባባ ተኝተዋል፣ ሀጀራ ማድ ቤት ናት። ጀፋር የመኪና ቁልፉን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ክው አለ። ከሄሊኮፕተሯ ጭስ ማውጫ እስከ ጅራቷ ጥቀርሻ ለብሷል። ሆዷና ጎማዎቿ አቧራ ናቸው። መውጫ መርገጫዋም የቆሸሸ ጫማ የረገጣት ትመስላለች። መስኮቱን ቢያይ ገርበብ ብሏል፤ ትናንት ደግሞ አሸዋ የቀላቀለ ነፋስ ነበር። «ይቺ ልጅ መስኮት ከፍታ ረሳችው» አለ በሆዱ። ነገ ለሟቹ ልጅ የሚሰጥ ነገር እንዲህ ቆሽሾ!

ባባን ቀስቅሶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና የመኪና ሻምፖውን፣ ባልዲውንና ለስላሳ ጨርቁን አመጣ። አቧራው ወዲያው ለቀቀለት። ደስ አለውና የቀረችውን ጥቀርሻ ጠንከር አድርጎ ሲያሻት የጅራቱ ቁጥር ተጠቅልሎ ተነሳ። ደንግጦ ውሃ ቢያፈስበት ባንዲራው ተከተለ። ጨርቁን ሲያነሳ ከመስኮቱ ሥር ባዶ ነው። ልትኳል ስትል ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ ጀፋር ያጠፋው የሰው ዓይን ነው።

አደራርቆ ቦታዋ መለሳትና መሸፈኛዋን አለበሳት። ባልዲውን ደፋ። ጨርቁን ሲጨምቅ የራሺድ ስም ጨርቁ ላይ ተለጥፋ አገኛት። መጣል አቃተው። ቁራጭ ወረቀት ላይ አሳርፎ ኪስ ቦርሳው ውስጥ፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ከኢቃማው ጀርባ ሸጎጣት። ባባ ሲነሱ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር።

ባባ ከዐስር በኋላ መሸፈኛውን ገለጡ። አልጮኹም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ።

«አቧራዬስ?» አሉ።

ያን ጊዜ ለጀፋር ገባው። ሁለቱን ቀን ባባ ብቻቸውን ተቀምጠው ደረቅ የቀለም ዱቄት በብሩሽ ሲነሰንሱ ከርመዋል፤ ያቺ ሄሊኮፕተር ከበረሃ ስትመለስ ምን ትመስል እንደነበር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቀለም ለመቀባት የማይሆን እጅ አቧራ ለመነስነስ ይሆናል። ከሦስት ወሩ ሥራ ውስጥ በገዛ እጃቸው የሠሩት እሱን ብቻ ነበር።

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። አፉንም ከፍቶ ነበር። የወጣው ቃል ግን «ማን ነካት?» የሚል ሆነ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ማዳም መጣች። ክፍሉን የምትጠርገው ሀጀራ ናትና ሀጀራ ተጠራች።

«ወላሂ ማዳም፣ ጠረጴዛውን አልነካሁም! ባባ አትንኪው ብለውኛል፣ ከዚያ ወዲህ አልቀረብኩትም» አለች ሀጀራ።

«ታዲያ ራሷ ታጠበች? ኸላስ፣ በቃ! ነገ መክተብ ትመለሻለሽ።» ማዳም መክተብ ያለችው ሀጀራን ያስመጣላትን የአስቀጣሪ ቢሮ ነው፤ ያለው አል ዐይን ነው። ከዚያ የሚመለስ ሠራተኛ ወይ ለማያውቀው ቤት ይሰጣል፣ ወይ አገሩ ይሸኛል። ባባ ክርክሩን የሰሙም አይመስሉም። «ስሙን ብቻ ፈልጉልኝ» አሉ።

ሀጀራ ግቢ ወርዳ የቆሻሻውን በርሜል ደፋችው። ተንበርክካ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የዓሣ አጥንቱን፣ የረጠበውን ወረቀት አንድ በአንድ እያገላበጠች የሩዝ ፍሬ የምታህል ስም ስትፈልግ፣ ጀፋር መኪናውን ተደግፎ ቆሞ ያያታል። ቀና አለች።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ታውቀኛለህ። ንገርልኝ እንጂ!»

«አላህ ያውቃል» አላት።

ኪስ ቦርሳው ጭኑን አቃጠለው። ለምን ዝም አለ ብትሉኝ፣ መባረር ፈርቶ ነው ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። አሥራ አንድ ዓመት «ጀፋር አይሳሳትም» ሲባል ኖሯል፤ ያቺን ሙገሳ ላለማጣት ሀጀራን ሸጣት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱም አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ። ባባ ከፊት፣ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ ይዘው፤ ሀጀራ ከኋላ ከሻንጣዋ ጋር። ጀፋር ያን ጠዋትም መኪናውን አጥቧል፤ እጁ ልማዱን አልተወም። የአል ዐይን መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ከዛፉ ጀርባ አሸዋ። ሀጀራ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ሲያያት ዓይኗ ውጭ ውጭውን ነው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ባባ አማርኛ አያውቁም። ጀፋር ያውቃል። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» ያለው ሰውዬ ማን እንደነበር እንኳ ጠፋው። ነዳጅ ማደያ ሲያገኝ ገባና ዳር ይዞ አቆመ። ከኢቃማው ጀርባ ወረቀቷን አውጥቶ በሁለት እጁ ለባባ አቀረበ።

«እኔ ነኝ ባባ። የቆሸሸች መስሎኝ አጠብኳት።»

ባባ ወረቀቷን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የራሺድ ስም ደርቃ ሁለት ቦታ ተሰንጥቃለች፤ ከእንግዲህ የትም አትለጠፍም።

«መቼ አገኘኸው?»

«ትናንት ባባ። ጨርቁ ላይ።»

«እሷ ቆሻሻ ውስጥ ስትፈልገው አንተ ኪስ ውስጥ ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ። «አዎ» አለ።

«አቧራውን ይቅር ብዬሃለሁ፤ አቧራ ነው» አሉ ባባ። «ይሄኛውን ይቅር የምልህ ግን እኔ አይደለሁም።»

ስልካቸውን አውጥተው ለማዳም ደወሉና ሀጀራ የትም እንደማትሄድ ነገሯት። ጀፋር ወደ ኋላ ዞረ። «ሀጀራ፣ አፉ በይኝ» አላት። ሀጀራ የሻንጣዋን ማንጠልጠያ ይዛ ፊቷን ወደ ውጭ መለሰች። መኪናውን አስነሳ።

መጅሊሱ ውስጥ ባባ ካርቶኑን ከፍተው ሄሊኮፕተሯን ለራሺድ ልጅ ሰጡት፤ የተሰነጠቀችውንም ስም በወረቀቷ እንዳለች በመዳፉ አስቀመጡለት። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ጸድታለች! እኛ ስንሠራባት አንድ ቀን እንዲህ ጸድታ አታውቅም» ብለው ሳቁ። ማን ሠራት ብለው ሲጠይቁ ባባ በር ላይ ወደቆመው ጀፋር ጠቆሙ።

«ሹፌሬ ነው» አሉ። «ንጹሕ ሰው ነው።»

አሹፈውበት ይሁን ሸፍነውለት ጀፋር እስከ ዛሬ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረው፣ አንዱ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ አንዱ እጁን እየጨበጠ መረቁት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተመስግኖ አያውቅም፤ እንደዚያም ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሲመለሱ ባባን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የጀፋር ፊት አሁንም ይፋጃል። ትንሽ ነፋስ እንዲያገኘው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሹፌር» አለች ሀጀራ ከኋላ። «መስኮቱን ዝጋው፣ አቧራ እየገባ ነው።»

ሦስት ዓመት ከወንድምዓለም ሌላ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር። ጀፋር መስኮቱን ዘጋ።