ዲቃላ እንዳትሉት

ባለፈው ቅዳሜ ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር አጠገብ ካለች ካፌ ደጅ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት «ዲቃላ እኮ ነው!» ሲል ሰማሁና ዞርሁ። የወጣቱ ጭን ላይ ስለተኛው ቡችላ ዘር ጓደኛው ጠይቆት ኖሯል። ይኸው ወልጄ ከብጄ፣ ጸጉሬም ሸብቶ፣ ያ ቃል ሲጠራ ስሜን የጠሩኝ ይመስል ዛሬም እዞራለሁ። ዝናብ ዘንቦ ነበርና ያ የእርጥብ ውሻ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማኪያቶውንም ረሳሁት፤ ሐሳቤ ሐይቁ ዳር፣ አያ ሰይድ ዘንድ ወረደ።

አያ ሰይድ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ከቤታችን ወደ ጣና በምትወስደው ቀጭን መንገድ መጨረሻ፣ የደረቀ ደንገል ከምረው፣ በጉልበታቸው እየተጫኑ ገመዱን እየሳቡ እስሩን ከእስር ሲያጣብቁ ይውላሉ። ቦታው ደንገል ደንገል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ከታንኳው ሥር የሚተኛ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበራቸው። እናቱ የሰፈር ውሻ፣ አባቱ ግን አንድ የሆቴል ዘበኛ በሰንሰለት ይዞት የሚዞር ትልቅ የፈረንጅ ውሻ ነው ይባል ነበር። አንድ ጆሮው ቆሞ ሌላው ተደፍቷል፤ እግሩ አጭር፣ ጭራው የጉድ። አያ ሰይድ ቤት አያስገቡትም፤ ምራቁ ከነካቸው ልብሳቸውን ሳያጥቡ ለሶላት አይቆሙም። ግን የዓሣ ራስ ቀቅለው፣ እሾሁን በጣታቸው ለቅመው ነበር የሚያበሉት። ለእኔ እቤት እሾህ የሚለቅምልኝ አልነበረም።

ዓሣ ሊገዛ ወደ ዳር የወረደ ሁሉ «ይኼ ዲቃላ ይነክሳል እንዴ?» ይላል። አያ ሰይድ ገመዱን ይለቁና ቀና ይላሉ።

«ዲቃላ እንዳትሉት። ክልስ በሉት።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ዲቃላ ማለት የእኔ ነው ባይ ያጣ ነው። የዚህ ባለቤት ይኸው እኔ አለሁ።»

ኧረ እንዴት እንደምቀና! በውሻ! ምክንያቱም ሰፈሩ እኔንም የሚጠራኝ በዚያው ቃል ነበር። አባቴ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከረባት የሚያስር ሰው ነው። እኔን ግን ዓባይ ማዶ ከትዳሩ ውጭ ነው የወለደኝ፤ እናቴ ስትሞትበት ጊዜ ቸግሮት ወደ ቤቱ ወሰደኝ። የሚስቱ ልጆች «አባባ» ይሉታል፤ እኔ «ጋሼ» በይ ተብያለሁ። እንግዳ መጥቶ «ይቺስ?» ሲል «የዘመድ ልጅ ናት» ይላል። ታዲያ ቡቺ አጠገብ ቁጭ ብዬ «አንተ ደግሞ ምን ስለሆንህ ነው?» እለዋለሁ። ጭራውን ይቆላልኛል። መቁላቱ ደግሞ የባሰ ያናድደኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት አባቴ ከሥራ ባልደረባው ጋር ዓሣ ሊገዛ ወረደ፤ እኔ ዘንቢል ይዤ ተከተልሁ። ባልደረባው ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ «ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» አለ።

«የዘመድ ልጅ ናት፤ እኛ ዘንድ ነው የምታድግ» አለ አባቴ፣ ዓሣ እያገላበጠ።

ሰውዬው ወደ ቡቺ ዞረና «ይኼስ ዲቃላ?» አለ።

«የእኔ ነው» አሉ አያ ሰይድ። ገመዱን አስቀመጡና አባቴን አዩት። «ጌታው፣ ወላሂ እኔ ለውሻ እንኳ የእኔ ነው ለማለት አላፈርሁም። እርስዎ ቁርጥ እርስዎን በመሰለች ልጅ ያፍራሉ?»

ዓሣው ከአባቴ እጅ ሾልኮ ወደቀ። ቡቺ አፈፍ አድርጎት ታንኳው ሥር ገባ፤ ማንም አላባረረውም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጄ ናት» አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለው ሰማሁ። ዘንቢሉን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ለጠየቀው ሁሉ ልጄ ናት ማለት ለመደ።

ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አይለኝ! ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ቡቺ ማንም ሳያፍር ነው የእኔ ነው የተባለው። እኔ የተባልሁት አባቴ በሰው ፊት አፍሮ ነው።

አያ ሰይድ ካረፉ ቆየ። ደንገሉ የሚከመርበት ቦታ ዛሬ ወንበር ተደርድሮበት ሰው ፎቶ ይነሣበታል፤ ከእሳቸው ለእኔ የተረፈኝ ያቺው ንግግራቸው ናት።

«ቡችላው የማን ነው?» አልሁት ካፌው ደጅ ከኋላዬ የተቀመጠውን ልጅ።

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዲቃላ አትበለው። ክልስ በለው።»

ልጁ ሳቀ። ቡችላውን አንሥቶ ደረቱ ላይ አስጠጋና «ሰማህ? የእኔ ክልስ» አለው ጆሮው ሥር። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ማኪያቶዬ በርዶ፣ ቀናሁ።