የአባባ ኩባያ

ልጅ ሳለሁ የተረት መጨረሻ አላውቅም ነበር። ተረት ሳይነገረኝ ቀርቶ አይደለም፤ አቃቂ በሰቃ ባለው ጠባብ ግቢያችን አባባ፣ የእናቴ አባት፣ በየምሽቱ ይተርቱልን ነበር። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የአባታቸው እርሻ ከተማ ሆኖ አንዲት ላም ብቻ ቀርታላቸው ነበር።

ያኔ ሕጉ አንድ ነው፤ ላሟ ታልባ፣ ወተቱ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ቀርቦ፣ እኔና ወንድሜ ኩባያችንን ሳንጨርስ ተረት አይጀመርም። ፍሙ ላይ የቀረው ወይራ እየጤሰ፣ የፋኖሱ ብርሃን የአባባን ነጭ ጢም እያቀላው እንጠጣለን። ከዚያ የተረቱ ጅብ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ የኔ ሆድ መጮህ ይጀምራል። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ስመለስ ተረቱ አልቋል። ወንድሜን ስጠይቀው ሁልጊዜ «ጅቡ በላት» ይለኛል፤ አህያም ትሁን ጦጣ፣ እሱ ዘንድ የሚተርፍ አልነበረም።

ወተት አልፈልግም ማለት የማይታሰብ ነው። በኛ ቤት ወተትን እምቢ ማለት አባባን እምቢ ማለት ነበር፤ እኔ ደግሞ አባባን ከማስቀይም ሆዴ ቢፈነዳ ይሻለኛል። አንድ ምሽት ግን፣ አህያዋ ጅቡን ዳኛ ፊት ያቆመችበትን ተረት እስከ መጨረሻው ለመስማት ቆርጬ፣ ወተቴን ቀስ ብዬ ከመደቡ ሥር ደፋሁት። ድመታችንን አላሰብኳትም። መጥታ ስትልስ ሁሉም ዞሮ አየ።

አባባ ተረቱን አቋረጡ። ወተት መድፋት በሳቸው ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እናቴ ለቁጣ ስትነሳ እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

«አባባ፣ እርስዎን ንቄ አይደለም፤ ሆዴን ያመኛል!»

አባባ ማንም የማይነካውን የራሳቸውን ኩባያ አቀበሉኝ። «ነይ እስቲ፣ ቅመሺ።»

ወተት አልነበረም። ለብቻቸው በቅል ያረጉት ኮምጣጣ እርጎ ነበር።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ ልጄ። ጥሬ ወተት የተውኩት ጢሜ ሳይበቅል ነው። ላሟ ደጄ ታስራ፣ እኔ ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!› ባለላሙ ወተት ፈራ እንዳይባል ደብቄ ኖርኩ።»

እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የተሳቀው ግን በሳቸው እንጂ በኔ አልነበረም፤ አውቀው እንዳደረጉት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ ሲገባኝም አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅሉ የሁለታችን ሆነ። አይቡንም ቅቤውንም በትንሽ በትንሹ እየሞከርኩ ሆዴ የሚስማማውን ለየሁ። ዛሬ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ባልደረቦቼ ማኪያቶ ሲያዙ እኔ ጥቁር ቡና ስል «ዛሬም ጾም ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ሐኪም ወተቱን ትተሽ እርጎ ሞክሪ ስትለኝ፣ አባባ እንደቀደሟት ነገርኳት።

አብሮኝ የቀረው ግን ያ ምሽት ነው። ሳቁ ሲበርድ አባባ ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ኩባያቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከጎናቸው ሳልነሳ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አህያዋ ተፈርዶላት ቤቷ ገባች። ጅቡ አልበላትም።