ሳይቋረጥ ያለቀው ዘፈን

ከአዘዞ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ከፈተ። ጊታሩን እንደሰማሁ አወቅኩት፤ ወንድሜ የሚወደው የአውስትራሊያ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሦስተኛ ዘፈን ነው። ከጓደኛው ያስቀዳውን ካሴት፣ ባትሪ እንዳይጨርስበት፣ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ነበር የሚሰማው። "አንድም የሚዘለል ዘፈን የለውም" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን መሪጌታው አባታችን፣ ጽሑፍ ስለሌለው ባዶ ካሴት መስሏቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ቀዱበት። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ዘፈን መሃል ጊታሩ ይቆምና የአባባ ድምፅ ይገባል። ወንድሜ ሲያለቅስ አባባ ሳቁ።

"ምነው ታለቅሳለህ ልጄ? ዘፈኑን እኮ ሌላ ቦታም ታገኘዋለህ።"

ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ካሴቱም የለም፤ አባባም የሉም። ሚኒባሱ ውስጥ ትንፋሼን ውጬ ያቺን ቦታ ጠበቅኋት። ጊታሩ ግን አልቆመም። ዘፈኑ ሳይቋረጥ አለቀ።