የአባቴ በገናና ሁለቱ ሱቆች

አባቴ የኩታበር ገበሬ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ በገናውን ከግድግዳ አውርዶ ራሱ የገጠመውን ይደረድራል። በመጨረሻ ሁዳዴው ከምሠራበት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና በሞባይሌ ቀዳሁት። ሲጨርስ ስልኩን አየና «በቃ ልጄ፣ ጣቴ ዛለ። አንቺን ያቆይልኝ» አለኝ። እሱም አብሮ ተቀዳ። ዳግማይ ትንሣኤን ሳያይ ሞተ።

ከአርባው በኋላ የስልኬ ሚሞሪ አልከፈት አለኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ዘፈንና መዝሙር እየጫነ የሚያድር አንድ ባለሱቅ ነበር፤ ወሰድኩለት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ደንበኛውን እንደ ሐኪም ነው የሚያናግረው። የአባቴ ድምፅ እንደሆነና ሌላ ቅጂ እንደሌለኝ ነገርኩት። በሳምንቱ ስመለስ «አብሽሪ እህቴ፣ የጠፋ ጠፋ» አለና፣ እንድጽናና ብሎ ሚሞሪውን በሌላ ሰው መዝሙር ሞልቶ ሰጠኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ፣ በሁዳዴ፣ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አባቴን ሰማሁት። የሐረጎን ዳገት ገና አላጋመስንም። ያን ጊዜ ባለሱቆች ሌላ ሱቅ እንዳይቀዳባቸው በየዜማው ላይ የራሳቸውን ድምፅ ይጨምሩ ነበርና፣ አባቴ እየደረደረ ሳለ የሰውየው ድምፅ መጣበት፤ «ይህን የጫነላችሁ የሰኞ ገበያው ሱቃችን ነው። ሰርቀው ከሚቀዱ ይጠንቀቁ!» አለ። ሰርቀው ከሚቀዱ! ዓይኑን በጨው ያጠበ ማለት እሱ ነው።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ሱቁ ገባሁ። ልሰድበው አፌን ሳልከፍት ደስ ብሎት ተነሣ። እግዜር ነው ያመጣሽ አለኝ። አንድ የኮምቦልቻ ባለሱቅ የእሱን ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ፣ የራሱን አስገብቶበት፣ በገናውን ይጭናል። ቅዳሜ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። መጀመሪያ ወደ እሱ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ መጥቼ እንድመሰክርለት ፈለገ። የሰረቀውን ዕቃ ባለቤት ለምስክርነት የጠራ ሌባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማፈሪያ ነው እንዳልል፣ ማፈሩን ከየት ያመጣዋል?

ቅዳሜ ሄድኩ። የደሴው፣ ከተበላሸ ሚሞሪ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ማለ። የኮምቦልቻው ደግሞ ድምፁን ያጠራሁት እኔ ነኝ አለ። ሁለቱም ስለ ድካማቸው ሲናገሩ ላብ ያጠምቃቸው ነበር፤ አባቴን ባላውቀው ኖሮ በገናውን እነሱ የጠረቡት ይመስለኝ ነበር። በስተመጨረሻ አንድ ሐጂ «ለመሆኑ ደርዳሪው ማን ነው?» አሉ።

አባቴ ነው አልኩ። ሁለቱም «ነፍስ ይማር» አሉና ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ።

ሽማግሌዎቹ አስታረቋቸው። ደሴ ለአንዱ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ ለሌላው ሆነ። አባቴን እንደ ግጦሽ መሬት ተካፈሉት። ተሳስመው ሲጨርሱ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ምን ይደረግልሽ አሉኝ።

«ሐጂ፣ ማንም ድምፁን ያልጨመረበትን የደሴው እንዲሰጠኝ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «መጨረሻው ላይ ለእኔ የተናገረው አለበት።»

የደሴው ባለሱቅ እንደ አስተዋይ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እሱንማ አጠፋሁት እኮ። የእኔ ድምፅ የሌለበት ከተቀመጠ ለሌባ ይመቻል።»

ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔ በሰውየው ላይ ልተፋ ምራቄን ሰብስቤ ነበር። ሽማግሌዎቹን አፍሬ ዋጥኩት። ምነው በተፋሁ።

ዛሬም ያለኝ ያው የሱቁ ቅጂ ነው። በገናው ያበቃል፣ «በቃ ልጄ» ይላል፣ ከዚያ ባለሱቁ ይመጣል። የቀረውን እኔ በልቤ እጨርሰዋለሁ። ልጄ ግን አያቷን አታውቀውም። ባለፈው አብራኝ ስትሰማ ቆየችና፣ አያቴ ሰኞ ገበያ ሱቅ ነበረው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።