የሐርሜ ዙቤይዳ ሙያ

ሊሙ ገነት ውስጥ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚወሰደው ሁሉም «ሐርሜ»፣ እናታችን፣ ወደሚላቸው ወደ ዙቤይዳ ቤት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ የወጌሻነቱ ሙያ ለልጃቸው ለፈድሊያ ሳይሆን ለምራታቸው ለመድና ቀረ።

ፈድሊያ ሰኮሩ ተድራ ነበር። ባሏ ሞቶ ሴት ልጇን ይዛ ስትመለስ፣ የወንድሟ የቲጃኒ ሚስት በእናቷ ቦታ ተቀምጣ የሰው ክንድ ስታሽ አገኘቻት። «እኔ የማህፀኗ ልጅ እያለሁ!» አለች በሆዷ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሽተኛ በመጣ ቁጥር በግድግዳው ስንጥቅ ታይ ነበር፤ መድና የምትሳሳትበትን ቀን እየናፈቀች። መድና አልተሳሳተችም። ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የባህል ሐኪሞችን የሚመዘግቡ ሰዎች ከጅማ መጡና ቀበሌው ስብሰባ ጠራ።

«ወጌሻው ማነው?» አለ መዝጋቢው።

«የቲጃኒ ቤት ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

ቲጃኒ ተነሣ። የዶሮ እግር እንኳ አስሮ የማያውቅ ሰው ስሙን አስጻፈ፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠው፤ ተጨበጨበለት። መድና አንገቷን ደፋች። ፈድሊያ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። አፏን ያዘች። «እሰይ! እሷም ትቅመሰው» አለ ልቧ።

ወር ሳይሞላ የፈድሊያ ልጅ ቡና ስትለቅም ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ባለወረቀቱ ቲጃኒ አየና ፊቱን አዞረ። መድና ቅቤ ይዛ ሮጣ መጣች።

«እዚህ ጋ ጫኚ» አለቻት ፈድሊያን። «ቀስ... አሁን አጥንቱ ሲገጥም ይሰማሻል።»

ተሰማት። እንባዋ ወረደ።

«እናቴ ለምን አንቺን መረጠች?»

«አልመረጡኝም» አለች መድና የቀርከሃውን ስንጥር እያሰረች። «ሊሞቱ ሲሉ ‹ፈድሊያ ስትመጣ አስተምሪያት› ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«ወላሂ ቀንቼ ነው። አንቺ ልጃቸው ነሽ፤ ምንም ባታውቂ ልጃቸው ነሽ። እኔ ከሳቸው ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ካካፈልኩሽ ምን ይቀረኛል?»

ፈድሊያ በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወጌሻዋ መድና ናት፤ መዝገቡ ይታረም።»

ሰውዬው ሳቀ። «ያው የአንድ ቤት አይደላችሁ? ምን ለውጥ አለው?»

መዝገቡ ሳይታረም ቀረ። ፈድሊያ ግን በአርባ ዓመቷ ከመድና ጎን ተቀምጣ መማር ጀመረች። ቅናቱ ለቀቃቸው ማለት አይደለም። አንድ ቀን ትከሻቸው የወለቀ ሽማግሌ «የፈድሊያ እጅ ይለሰልሳል» ቢሉ፣ መድና እስኪመሽ አላናገረቻትም። ሲነጋ ጫካ ወርዳ አንድ እቅፍ የስብራት መድኃኒት ቅጠል ይዛ መጣችና ፈድሊያ ፊት ዘረገፈችው።

«በይ፣ ይህን ደግሞ አታውቂውም» አለቻት።